ባልሽ የየት አጥቢያ ሰው ነበር?

ስለ ጦርነት የሚጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚያበቁት የድል መለከት በተነፋበት ቀን ነው። ጄኔራሉ ይሾማል፤ ውሉ ይፈረማል፤ ሐውልቱ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ግን፥ ባልዋ ያልተመለሰላት ሴት ልጆችዋን አስከትላ የሹም ደጅ ስትጠና የምትታይበት ሌላ ታሪክ ይጀመራል። ይህ ሁለተኛው ታሪክ ተጽፎ የሚገኘው በአጥቢያ መዝገብ፥ በችሎት ውሳኔና በማመልከቻ ወረቀት ላይ ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ የምንከፍትና ማመልከቻ የምንቀበል ሰዎች ስለ ሆንን፥ ይህን ታሪክ ከሌላው ሰው ይልቅ ልናውቀው ይገባናል ብለን እናስባለን።

ለምሳሌ የመረጥነው የእንግሊዝን አገር ነው። በዚያ አገር ድኻን የመርዳት ግዴታ በሕግ ተጽፎ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ስለ ቈየና፥ የወታደር መበለቶች ለልጆቻቸው ቀለብ የጠየቁባቸው ማመልከቻዎችም እስከ ዛሬ በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ስለሚገኙ፥ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ይመቻል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። ስለ ገንዘቡም፥ በዚያ ዘመን 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ፥ 20 ሺሊንግም አንድ ፓውንድ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውስልን።

የነገሩ መሠረት በንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ዘመነ መንግሥት በ1601 የወጣው የድኾች ሕግ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ የራሱን ድኾች እንዲረዳ አዘዘ። በየዓመቱ ከነዋሪዎቹ መካከል የድኾች ሹሞች ይመረጣሉ፤ እነርሱም መሬትና ቤት ባለው ሰው ላይ ግብር ጥለው ከሰበሰቡት ገንዘብ ለሽማግሌው፥ ለአካለ ስንኩሉና ለሙት ልጅ ይሰጣሉ፤ ጕልበት ያለውን ሥራ ያስይዛሉ፤ የድኻውንም ልጅ ሙያ እንዲማር ከባለሙያ ዘንድ ያስገባሉ። በጦርነት ስለ ቈሰሉ ወታደሮች ደግሞ ከዚህ ቀደም ብሎ በ1593 ሌላ ሕግ ወጥቶ፥ አካሉ የጐደለ ወታደር ከአውራጃው ጡረታ እንዲያገኝ ተፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ይህ ሕግ የሚናገረው ቈስሎ ስለ ተመለሰው ሰው ነው። ሞቶ ስለ ቀረው ወታደር ሚስትና ልጆች ያለው ነገር አልነበረም። እጁን ያጣ ሰው ባለጡረታ ሲሆን፥ ባልዋን ያጣች ሴት እንደ ማንኛዋም ድኻ በአጥቢያዋ ሹም ፊት ትቆም ነበር።

ይህ ጕድለት ጐልቶ የታየው በ1642 በንጉሥ ቻርልስ 1ኛና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ነው። ፓርላማው ሕዝቡ በሠራዊቱ እንዲገባለት ይፈልግ ስለ ነበር፥ በዚያው ዓመት ለሚቈስሉት ብቻ ሳይሆን ለሚሞቱት ወታደሮች መበለቶችና ልጆች ጭምር እንደሚያስብ ቃል ገባ፤ በ1647ም ቃሉን በድንጋጌ አስፍቶ አጸናው። እስከዚያ ቀን ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት የተራ ወታደርን መበለት እንዲህ ባለ አኳኋን ባለመብት አድርጎ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ መበለቲቱ የምትከተለው መንገድ የታወቀ ሆነ። አስቀድማ የባልዋን የጦር አለቃ ፈልጋ የምስክር ወረቀት ታስጽፋለች። ቀጥላም ጸሓፊ ፈልጋ ማመልከቻ ታዘጋጃለች። ማመልከቻው በትሕትና ቃል ይጀምርና፥ ባልዋ በማን ሥር እንዳገለገለና በየትኛው ውጊያ እንደ ወደቀ፥ ስንት ልጆች ትቶላት እንደ ሄደ ዘርዝሮ፥ ለዳኞቹ ዘወትር እንደምትጸልይላቸው በመግለጽ ይደመደማል። ይህን ወረቀት ይዛ በየሦስት ወሩ በሚሰበሰበው የአውራጃ ችሎት ትቀርባለች። የጦር አለቃውም ሞቶ እንደ ሆነ ወይም ወደ ሩቅ አገር ተዛውሮ እንደ ሆነ ግን፥ ባልዋ ለመሞቱ ልጆችዋ ምስክር ሆነው አይቈጠሩላትም።

በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ነገሩ ተገለበጠ። የፓርላማው ወታደሮች መበለቶች ጡረታቸውን አጡ፤ በ1662 በወጣው ሕግ ደግሞ በተራቸው ለንጉሡ ተዋግተው የሞቱት ሰዎች መበለቶችና ልጆች እርዳታ ተፈቀደላቸው። ከሁለቱም ወገን የነበሩት ሕፃናት ዐላማ ይዘው አልተሰለፉም፤ ረኃባቸውም የንጉሥ ወገንና የፓርላማ ወገን ተብሎ የሚለይ አልነበረም። መንግሥት ሲለወጥ ግን የአንዱ እንጀራ ለሌላው ተላለፈ።

በዚያው በ1662 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ለረዥም ዘመን የመበለቶችን ኑሮ ሲወስን ኖረ። እርሱም የነዋሪነት መብት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት፥ አንድ እንግዳ ሰው ወደ አንድ አጥቢያ መጥቶ በዓመት ከ10 ፓውንድ በታች በሆነ ኪራይ ቢቀመጥና፥ ወደ ፊት ሸክም ይሆንብናል ተብሎ ቢጠረጠር፥ በ40 ቀን ውስጥ ሹሞቹ አቤት ካሉ ሁለት ዳኞች ፈርመው ወደ ቀድሞ አጥቢያው ይሰዱት ነበር። ያገባች ሴት የባልዋን መብት ትከተላለች፤ ባልዋ ከሞተ በኋላም አጥቢያዋ የባልዋ አጥቢያ እንጂ ተወልዳ ያደገችበት አይደለም። በሕጋዊ ጋብቻ የተወለዱ ልጆችም የአባታቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ መበለቲቱ በችግርዋ ቀን ወደ ሹሙ ስትቀርብ፥ «ልጆችሽ ምን በሉ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት፥ «ባልሽ የየት አጥቢያ ሰው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቃታል።

ለገበሬ መበለት ይህን መመለስ አያስቸግርም፤ ባልዋ በተወለደበት አርሶ፥ ባረሰበት ተቀብሮአልና። የወታደር ኑሮ ግን የተለየ ነው። ዛሬ በአንድ ወደብ፥ ነገ በሌላ ከተማ፥ ከነገ ወዲያ በባሕር ማዶ ነው። ወታደርነት ደግሞ በራሱ የነዋሪነት መብት አይሰጥም። ለመንግሥት 20 ዓመት ያገለገለ ሰው አጥቢያው፥ በልጅነቱ አንድ ዓመት በሎሌነት የተቀጠረበት ወይም ሙያ የተማረበት መንደር ሊሆን ይችል ነበር፤ ሚስቱም ያን መንደር በዐይንዋ አይታው ላታውቅ ትችላለች።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፥ እንግሊዝ ከ1793 እስከ 1815 ከፈረንሳዮች ጋር ባደረገችው ጦርነት ጊዜ የነበረችን አንዲት መበለት እንከተል። ይህች ሴት በስም የምትጠቀስ አይደለችም፤ በእርስዋ ላይ የደረሰው ሁሉ ግን በብዙዎች ላይ የደረሰ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና በወደብ ላይ ነው። ጦሩ ወደ ባሕር ማዶ ሲዘምት፥ ከመቶ ሰው ክፍል ወደ ስድስት የሚሆኑ ሚስቶች ብቻ አብረው እንዲሄዱ ይፈቀድ ነበር። የሚሄዱትም በዕጣ ይለያሉ። ሴቶቹ ከባርኔጣ ውስጥ ወረቀት ያወጣሉ፤ በአንዳንዱ ላይ «ትሄዳለች»፥ በአብዛኛው ላይ ደግሞ «አትሄድም» ተብሎ ተጽፎበታል። ዕጣው ያልወጣላት ልጆችዋን ይዛ በወደቡ ትቀራለች፤ ከባልዋ ደመወዝም የሚቈረጥላት የታወቀ ድርሻ የለም። በ1811 በወጣ ሕግ፥ እንዲህ ያለችው ሴት ወደ አጥቢያዋ ስትመለስ በየመንገዱ ያሉት ሹሞች በማይል ከ2 ፔንስ ያልበለጠ ስንቅ እንዲሰጡዋት ተደረገ። የሕጉ አሳብ ግን በቶሎ መንገድዋን እንድትቀጥል እንጂ፥ በየአጥቢያው እንድታርፍ አልነበረም።

ዕጣው የወጣላት ደግሞ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ፖርቱጋልና ወደ ስፔን ትሄዳለች። በዚያ ለሚስት የወታደሩ ቀለብ ግማሽ፥ ለልጅ ሩቡ ይሰጥ ነበር። ይህ ቀለብ የሚሰጠው ግን የወታደር ሚስት በመሆንዋ ስለ ሆነ፥ ባልዋ በወደቀ ጊዜ ብዙ ሳይቈይ ይቋረጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ መበለቶች ባላቸው በሞተ በጥቂት ቀን ወይም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሌላ ወታደር ያገቡ ነበር። ይህን የሰሙ ሰዎች በሴቶቹ ላይ ብዙ ተናግረዋል። ነገሩን በትክክል ለሚመለከት ሰው ግን፥ ያቺ ሴት ኀዘንዋን ሳትጨርስ የተዳረችው ለልጆችዋ ሩብ ቀለብ ስትል እንደ ሆነ አይሰወረውም።

አሁን መበለታችን ሌላ ባል ሳታገባ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች እንበል። ካረፈችበት አጥቢያ እርዳታ ስትጠይቅ ሁለት ዳኞች ያስምሉዋትና ይመረምሩዋታል። ባልዋ የት ተወለደ? የት ተቀጠረ? ሙያ ተምሮ ነበርን? ቤት ተከራይቶ እንደ ሆነ ኪራዩ በዓመት ስንት ነበር? ከሁሉም በላይ የምትጠየቀው ስለ ጋብቻዋ ነው፤ የት፥ መቼና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ተጋባች ማስረዳት አለባት። ጋብቻዋን ካላስረዳች ልጆችዋ ያለ ሕጋዊ ጋብቻ የተወለዱ ተብለው ይቈጠራሉ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ አጥቢያው የተወለደበት ቦታ ነው። እንግዲህ አንዱ ልጅ በፖርትስመዝ፥ ሁለተኛው በኮልቼስተር ጦር ሰፈር ተወልደው እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ወንድማማቾች የሁለት አጥቢያ ድኾች ሆኑ ማለት ነው። ሕፃናቱ 7 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከእናታቸው አይነጠሉም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕጉ አይከላከልላቸውም። አንዲት ቁራጭ የጋብቻ ወረቀት ልጆችን በአንድ ጣራ ሥር የምታኖር ወይም የምትበትን ሆነች።

በዚህ ረገድ የጦሩ ሕግ ያስገኘው አንድ በጎ ነገር ነበር። ወታደሩ በሕይወት ሳለ፥ ሚስት ወይም ልጅ ያለው እንደ ሆነ፥ ዳኞች አስምለው የነዋሪነት መብቱን እንዲጠይቁትና የቃሉን ግልባጭ እንዲሰጡት ተፈቅዶ ነበር፤ ግልባጩም ወደ ፊት እንደ ማስረጃ ይቈጠራል። ያን ግልባጭ ከልብስዋ ጋር አጥፋ ያኖረች ሴት፥ ከጓደኞችዋ ይልቅ ዕድለኛ ነበረች።

ባልዋ የአየርላንድ ሰው የሆነባትስ ምን ትሆናለች? በእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ የአየርላንድ ተወላጆች እጅግ ብዙዎች ነበሩ፤ በአየርላንድ ግን እስከ 1838 ድረስ የድኾች ሕግ አልነበረም። ስለዚህ በዚያ አገር የምትመለስበት አጥቢያ እንጂ የሚቀበላት ሹም አይኖርም። ባልዋ የሞተለት መንግሥት አንድ ሲሆን፥ ልጆችዋ ሲራቡ ግን የሚጠየቀው አገር ሁለት ሆነ።

መበለታችን መብትዋ ተረጋግጦ ከባልዋ አጥቢያ ደረሰች እንበል። የሚሰጣት እርዳታ በሳምንት ጥቂት ሺሊንግ፥ አንዳንድ ጊዜም የልጆች ጫማ፥ ሸሚዝ፥ ማገዶ ወይም የቤት ኪራይ ነው። በ1795 የበርክሻየር ዳኞች በስፒናምላንድ ተሰብስበው በወሰኑት ልክ፥ 4 ኪሎ የሚያህለው ዳቦ 1 ሺሊንግ ሲያወጣ ለአንድ ሠራተኛ በሳምንት 3 ሺሊንግ፥ ለሚስቱና ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ደግሞ 1 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ይህን አቈጣጠር ብዙ አውራጃዎች በየራሳቸው መጠን ተከትለውታል። ከ1697 ጀምሮ እስከ 1810 ድረስ ደግሞ፥ እርዳታ የሚቀበል ሰው ከነቤተ ሰቡ በቀኝ ትከሻው ላይ ከቀይ ወይም ከሰማያዊ ጨርቅ የተቈረጠ ምልክት እንዲያደርግ ሕጉ ያስገድድ ነበር። የአባቱን ቀይ የወታደር ኮት ያየ ልጅ፥ በራሱ ትከሻ ላይ ሌላ ቀይ ጨርቅ አየ።

ልጆቹ ከፍ ሲሉም ሹሞቹ ለሙያ ተማሪነት ለሌላ ሰው ያሳልፉዋቸዋል። ይህ ለአንዳንዶቹ እንጀራ ሆኖአል፤ ብዙዎቹ ግን ከእናታቸው ርቀው ወደ ጥጥ ፋብሪካዎች ተላኩ። ነገሩ እጅግ ስለ ከፋ በ1816 በወጣ ሕግ፥ የለንደን አጥቢያዎች ልጆችን ከ40 ማይል ርቀት በላይ እንዳይልኩና ከ9 ዓመት በታች የሆነውንም እንዳይሰጡ ተከለከሉ።

ከአጥቢያው በቀር የሚረዳ አልነበረምን? ጥቂት ነበረ። በአገር ውስጥ የሚጠብቀው የሚሊሻ ወታደር ባለቤትና ልጆች ከአጥቢያው ግብር ሳምንታዊ ድርጎ ያገኙ ነበር፤ ወደ ባሕር ማዶ የሚዘምተው የመደበኛው ጦር ወታደር ቤተ ሰብ ግን ይህ አልተፈቀደለትም። በ1803 በለንደን ከተማ በቼልሲ ለወታደር ልጆች ማሳደጊያ ተከፈተ፤ ሲቀበልም የሙት ልጆችን ያስቀድም ነበር። በ1815 ከዋተርሉ ድል በኋላም ሕዝቡ በልግስና ገንዘብ አዋጥቶ በዚያ ጦርነት ለሞቱት መበለቶችና ልጆች ዓመታዊ መተዳደሪያ ሰጠ። በ1809 በዋልከረን ደሴት በተደረገው ዘመቻ ግን ወደ 4,000 የሚሆኑ ወታደሮች ሲሞቱ፥ በውጊያ የወደቁት 106 ብቻ ሲሆኑ የቀሩትን የፈጀ በሽታ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሐውልት የሚሠራ ድል አልነበረምና፥ መበለቶቻቸው የዋተርሉን መዋጮ አላዩም። የባል ሞት በድል ቀን ከሆነ ልጆች ይበላሉ፤ በትኩሳት ከሆነ ወደ አጥቢያ ይሄዳሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር የአጥቢያውን ሹም እንደ ጨካኝ አድርገን ለማሳየት አይደለም። እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈለው፥ ለአንድ ዓመት ብቻ በግዴታ የተሾመ ገበሬ ወይም ባለሱቅ ነበር። የሚሰጠውን ገንዘብ የሚያወጣው ከጎረቤቶቹ ኪስ ነው። አንዲት መበለት አራት ልጆች ይዛ ወደ አንድ ትንሽ መንደር ብትገባ፥ የመንደሩ ግብር ከፍ ይላል። ስለዚህ ሹሙ የአጥቢያውን ገንዘብ መጠበቅ ሥራው መስሎ ይታየው ነበር፤ ለሌላ አጥቢያ ያሳለፈውም ድኻ እንደ ትርፍ ይቈጠርለታል። አንዳንዱ አጥቢያ አንዲትን መበለት ላለመቀበል ለጠበቃና ለችሎት የሚያወጣው ገንዘብ፥ እርስዋን ከነልጆችዋ ለብዙ ጊዜ ሊያኖር ይችል ነበር። ጥፋቱ ያለው ሰውየውን ወደ ጦርነት የላከው አንድ ክፍል፥ ለልጆቹ የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ክፍል በመሆኑ ላይ ነው።

በ1834 የድኾች ሕግ ሲታደስ አጥቢያዎች በማኅበር ተጣመሩ፤ እርዳታ ፈላጊውም በተቻለ መጠን ወደ ሥራ ቤት እንዲገባ ተወሰነ። በዚያ ቤት ወንዱ፥ ሴቱና ልጆቹ በየክፍላቸው ተለይተው ያድራሉ። ይሁን እንጂ የመበለት ነገር ሕግ አውጪዎቹን ሳያሳስብ አልቀረም። በ1844 በወጣው ትእዛዝ፥ ባልዋ ከሞተ 6 ወር ያልሞላት መበለትና ሠርተው መብላት የማይችሉ ልጆች ያሉዋት መበለት በቤታቸው ሳሉ እንዲረዱ ተፈቀደ። በ1846ም፥ ባልዋ ሲሞት ከእርሱ ጋር ትኖር የነበረች ሴት እስከ 12 ወር ድረስ ካለችበት አጥቢያ እንዳትወጣ ሕግ ከለከለ። የወታደር መበለት ግን ባልዋ የሞተው ከእርስዋ ርቆ ስለ ሆነ፥ ይህ ሁለተኛው ሕግ ብዙ ጊዜ አይደርስላትም ነበር።

የክሪሚያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በ1854 በንግሥት ቪክቶሪያ ትእዛዝ የመበለቶችና የሙት ልጆች መርጃ ገንዘብ ተቋቁሞ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡ የተገኘው ከሕዝብ መዋጮ ስለ ነበረ፥ እርዳታው ምጽዋት መሆኑ አልቀረም፤ ጠባይዋ ተነቀፈ የተባለችውም መበለት ልትከለከል ትችላለች። የመንግሥት ግምጃ ቤት ራሱ ለተራ ወታደር መበለት ጡረታ መክፈል የጀመረው በደቡብ አፍሪቃው ጦርነት ጊዜ በ1901 ነው። መጠኑ በሳምንት 5 ሺሊንግ፥ ለእያንዳንዱ ልጅም 1 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ሆነ። እርሱም ቢሆን በጦር አለቃው ፈቃድ ለተጋቡት ብቻ ነበር። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ይህ ልዩነት ተሻረ፤ በ1916 የጡረታ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ1925 ለሲቪሉም ሠራተኛ መበለት በኢንሹራንስ የሚከፈል ጡረታ ተደነገገ፤ በ1948 አሮጌው የድኾች ሕግ ፈጽሞ ተሻረ።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ በዚህ ታሪክ ያየነው ግን የአባት ዕዳ ሳይሆን የአባት ገንዘብ ነው። መንግሥት የዚያን ሰው ደም ከተቀበለ በኋላ፥ ዋጋው ለልጁ እስኪደርስ ድረስ ከ1593 እስከ 1901 ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ወሰደ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ልግስና ፈጽሞ አልጠፋም፤ የጠፋው ኀላፊነቱን «የእኔ ነው» ብሎ የሚቀበል ክፍል ነው። ሕዝብ ያዋጣል፤ አጥቢያ ይሰጣል፤ ዳኛ ያዝናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከመስጠቱ በፊት «ከእኔ ይልቅ የሚገባው ለእገሌ ነው» ይላል፤ መበለቲቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች።

እንግዲህ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች፥ አስተማሪዎችና ወደ ፊት በዚህ ወንበር የምትቀመጡ ተማሪዎች፥ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብንወስድ መልካም ነው። ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያለ ማስረጃ የሚሰጥ ገንዘብ ለአታላይ ይሆናልና። ነገር ግን ባልዋ የሞተውን ሴት የጦር አለቃውን ወረቀት አምጪ ከማለታችን በፊት፥ ያ ወረቀት በራሳችን መዝገብ ውስጥ ይገኝ እንደ ሆነ መፈለግ የእኛ ሥራ ነው። «ይህ ጉዳይ እኛን አይመለከትም» ብለን ማመልከቻ ስንመልስም፥ የሚመለከተው ክፍል የት እንደ ሆነ በሚገባ ነግረን ብንሸኛት፥ አንድ ቀን መንገድና አንድ ቀን ረኃብ እናስቀርላታለን። በእንግሊዝ አገር በየቤተ መዛግብቱ የተቀመጡት እነዚያ አሮጌ ማመልከቻዎች ዛሬ የሚነበቡት በታሪክ መርማሪዎች ነው፤ በተጻፉበት ቀን በጥንቃቄ ተነበው ቢሆን ኖሮ ለብዙ ልጆች እራት በሆኑ ነበር።